ማሩ ሳይጫን ንግዱ በወረቀት ይነደፍ

የንግድ ሞዴል አሠራር ለተንታኞችና ለፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆች፣ ከሰቆጣ ገበያ ምሳሌ ጋር

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። አባባሉ በገበያ ውስጥ በየዓመቱ ሲፈጸም ይታያል። አንድ ነጋዴ ጥቅምት ላይ የዋግ ማር መድረሱን ይሰማል። ከመርካቶ የሚሸጥበትን ዋጋና ከሰቆጣ የሚገዛበትን ዋጋ በስልክ ይጠይቃል። ሁለቱን ቀንሶ ልዩነቱን በኩንታል ያባዛል፤ ከዚያም ገንዘቡን ይዞ ይነሣል። ጥር ላይ ሒሳቡን ሲዘጋ ግን ትርፉ የት እንደገባ አያውቀውም። ደላላውን፣ ሾፌሩን ወይም ገዢውን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ትርፉ የጠፋው ነጋዴው ከአዲስ አበባ ሳይነሣ፣ በዚያች አጭር ስሌት ውስጥ ነው።

የንግድ ሞዴል ወይም የንግድ ንድፍ የሚባለው ሙያ የሚያገለግለው ይህን ዓይነቱን ጥፋት ከገንዘቡ በፊት በወረቀት ላይ ለማየት ነው። ሙያው ዛሬ በባንክ ብድር ክፍል፣ በአማካሪ ድርጅቶችና በልማት ፕሮጀክቶች ቢሮ ውስጥ በስፋት ይሠራበታል። ሆኖም አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ያለው ማንኛውም ነጋዴ ሊማረው የሚችል ነው። ምሳሌ የሚሆነን ሰቆጣ ነው።

ከአሞሌ እስከ ማር

የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ከተማዋ ለንግድ አዲስ አይደለችም። ከአፋር ጨው ሜዳ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ወደ ደጋው ከሚከፋፈልባቸው ታዋቂ ገበያዎች አንዷ እንደነበረች የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች ጽፈዋል። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር እየተወደደ ይሄዳል፤ ዝናብ ካገኘው ግን ይሟሟል። የዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚጭን፣ በየትኛው ወር እንደሚነሣና የት ሲደርስ እንደሚሸጥ በጭንቅላቱ ያሰላ ነበር። ይህ ራሱ ሞዴል ነው፤ ያልተጻፈ መሆኑ ብቻ ይለየዋል።

ዛሬ ወደ ሰቆጣ ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚያስባቸው ዕቃዎች በዋናነት ማር፣ ፍየልና በግ ናቸው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የተከዜ ኃይል ማመንጫ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ ደግሞ ዓሣ ተጨምሯል። ከሁሉም ለትምህርት የሚያመቸው ማር ነው። የአካባቢው ነጭ ማር ከክረምቱ በኋላ ከሚፈነዳው ግርቢያና ከመሳሰሉት አበቦች የሚገኝ ሲሆን፣ ዋናው ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ይውላል። የአንድ ዓመት ንግድ በሁለት ወር ውስጥ ይወሰናል ማለት ነው።

አንደኛ፦ የዕቃውን ጉዞ መሣል

የተንታኝ የመጀመሪያ ሥራ ሥዕል ነው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ መደብ ይሰመራል፦ ንብ አናቢ፣ የአካባቢ ሰብሳቢ፣ ደላላ፣ የጭነት መኪና፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ፣ ቸርቻሪ ወይም ጠጅ ቤት። ከዚያ ማሩ ከቀፎ ወጥቶ እስከ መጨረሻው ገዢ ድረስ የሚያልፍባቸው እርምጃዎች በየመደቡ ይቀመጡና በቀስት ይያያዛሉ። በየእርምጃው ላይ አራት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ማን ይሠራዋል? ስንት ቀን ይፈጃል? ምን ያህል ገንዘብ ይወጣበታል? ዕቃው እዚያ ላይ ምን ይቀንሳል?

ይህ ዘዴ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ቢፒአር» እየተባለ የተሠራበት መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ሐመርና ቻምፒ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በዓለም የተሰራጨ ሲሆን፣ የሚጀምረውም ነባሩን አሠራር እንዳለ በመሣል ነው። ነባሩን ሳያውቅ አዲሱን የሚነድፍ ሰው ምኞቱን ይነድፋል።

የማሩ ሥዕል ሲሠራ ወዲያው የሚታይ ነገር አለ። «ማጣራት» የሚለው እርምጃ በየትኛው መደብ ውስጥ እንደሚወድቅ ነጋዴው አላሰበበትም። ከባህላዊ ቀፎ የሚቆረጠው ማር ከነሰፈፉ ነው። ነጋዴው ከነሰፈፉ ገዝቶ አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው ግን የተጣራውን ነው። ሁለቱም «አንድ ኪሎ ማር» ስለሚባሉ በስልክ ሲነገር ልዩነቱ አይሰማም።

የምርት ገበያ ድርጅት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ በኋላ ለቡናና ለሰሊጥ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ዕቃው መጋዘን ሲገባ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ገዢና ሻጭም ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ ይነጋገራሉ። ሰቆጣ ላይ ከሰብሳቢ በእጅ የሚገዛው ማር ይህን ሥርዓት አላለፈም። ስለዚህ ደረጃውን ነጋዴው ራሱ በንድፉ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ሁለተኛ፦ ጉዞውን ወደ ቁጥር መለወጥ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢ በየዕለቱ ዋጋ ይተካቸው።

አንድ ነጋዴ 2,000 ኪሎ ያልተጣራ ማር በኪሎ 400 ብር ይገዛል እንበል፤ 800,000 ብር። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ስለሚመዝን ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 28 ኪሎ ይይዛል። ስለዚህ 72 ጄሪካን ያስፈልጋል፤ በ250 ብር ሒሳብ 18,000 ብር። የመኪና ኪራይ 60,000፣ ለደላላ በኪሎ 5 ብር 10,000፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለማጣሪያ ጉልበትና ለጥበቃ 12,000፣ ለራሱ ጉዞና ማደሪያ 20,000 ብር ያወጣል። ከግዢው ውጪ ያለው ወጪ 120,000 ብር፣ ጠቅላላው 920,000 ብር ይሆናል።

አጭሩ ስሌት እንዲህ ይላል፦ 920,000 ለ2,000 ሲካፈል ኪሎው 460 ብር ቆመ። በ520 ብር ቢሸጥ በኪሎ 60፣ በጠቅላላው 120,000 ብር ትርፍ ይገኛል። ነጋዴው መንገድ የሚጀምረው ይህን ይዞ ነው።

አሁን ሥዕሉን እንከተል። ሰፈፉና እድፉ 15 በመቶ ቢሆን የሚሸጠው ንጹሕ ማር 1,700 ኪሎ ነው። በ520 ብር ሲሸጥ 884,000 ብር ያስገባል። ከተረፈው 300 ኪሎ ውስጥ 100 ኪሎ ሰም ወጥቶ በ300 ብር ቢሸጥ 30,000 ብር ይጨመራል፤ ጠቅላላ ገቢው 914,000 ብር ነው። ወጪው ግን 920,000 ነበር። ነጋዴው ከገንዘቡ 600,000 ብሩን በዓመት 18 በመቶ ወለድ ተበድሮ አራት ወር ቢያቆየው ደግሞ 36,000 ብር ወለድ ይከፍላል። ውጤቱ 42,000 ብር ኪሳራ ነው።

ማንም አልሰረቀውም፤ ዋጋም አልወደቀም። በወረቀት ላይ ያልሰፈሩ ሁለት መስመሮች፣ ማጣሪያውና ወለዱ፣ 120,000 ብር ትርፍን ወደ 42,000 ብር ኪሳራ ለወጡት።

ሦስተኛ፦ ከኋላ ወደ ፊት ማስላት

ጥሩ ንድፍ ትርፍን ከመተንበይ የሚበልጥ ጥቅም አለው፤ ለድርድር ወለልና ጣሪያ ይሰጣል። ከላይ ያለውን ስሌት ገልብጠን እንሥራው። ገቢው 914,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 120,000 ብር ወጪና 36,000 ብር ወለድ ሲቀነስ 758,000 ብር ይቀራል። ይህ ለ2,000 ኪሎ ሲካፈል 379 ብር ነው። ነጋዴው በኪሎ ከ379 ብር በላይ ከከፈለ ይከስራል። 80,000 ብር ማትረፍ ቢፈልግ ደግሞ ከ339 ብር በላይ መክፈል አይችልም። ሰቆጣ ላይ ሲደራደር እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በኪሱ የያዘ ሰው የደላላ ጥድፊያ አያናውጠውም።

ንድፉ ሁለተኛ በርም ይከፍታል። ማሩ እዚያው ሰቆጣ ተጣርቶ ቢገዛስ? ለ1,700 ኪሎ 61 ጄሪካን ይበቃል፣ የማጣሪያ ጉልበቱ ይቀራል፤ ወጪው ወደ 112,000 ብር ይወርዳል እንበል። ማሩ ለገበያ ዝግጁ ሆኖ ስለሚደርስ በሁለት ወር ቢሸጥ ወለዱ 18,000 ብር ነው። ከ884,000 ላይ ሁለቱ ሲቀነሱ 754,000 ብር ይቀራል፤ ለ1,700 ኪሎ ሲካፈል ጣሪያው 443 ብር ግድም ይሆናል።

ሁለቱን መንገዶች በጣሪያ ዋጋቸው እናነጻጽር። በመጀመሪያው መንገድ ንብ አናቢዎቹ 758,000 ብር ያገኛሉ። በሁለተኛው 753,100 ብር ከማሩ፣ ሰሙ እነሱው ዘንድ ስለሚቀር ደግሞ 30,000 ብር ከሰሙ፣ በድምሩ 783,100 ብር ይደርሳቸዋል። የማጣሪያ ጉልበቱን ራሳቸው ይችላሉ። ልዩነቱ 25,100 ብር ሲሆን ከነጋዴው ኪስ አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። ገንዘቡ የተገኘው አንድ እርምጃ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ስለተዛወረና ዕዳው ቶሎ ስለተዘጋ ነው። ዋጋ ላይ ብቻ ሲከራከሩ የሚውሉ ሻጭና ገዢ ይህን ገንዘብ አያገኙትም፤ ሥዕሉን አብረው ያዩ ግን ይካፈሉታል።

አራተኛ፦ የትኛው ቁጥር ይነክሳል?

ተንታኞች በዚህ ደረጃ እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻው ያንቀሳቅሱና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚናወጥ ይለካሉ። በመጀመሪያው ንድፍ የመኪና ኪራይ በ10 በመቶ ቢጨምር 6,000 ብር ይጎዳል። አንድ ወር መዘግየት በወለድ 9,000 ብር ያስከፍላል። የግዢ ዋጋ በ10 በመቶ ቢንር 80,000፣ የመሸጫው ዋጋ በ10 በመቶ ቢወድቅ 88,400 ብር ይጠፋል። ሰፈፉና እድፉ ከ15 ወደ 20 በመቶ ቢያድግ ደግሞ 100 ኪሎ ንጹሕ ማር፣ ማለትም 52,000 ብር ይቀንሳል።

ይህ ዝርዝር የነጋዴው ጊዜ የት መዋል እንዳለበት ይነግረዋል። ብዙ ነጋዴ ከሾፌር ጋር ግማሽ ቀን ይከራከራል፤ ጄሪካኖቹን ግን ከላይ ከላይ አይቶ ያስጭናል። የሾፌሩ ክርክር ቢሳካ 6,000 ብር ነው። ጄሪካኑን እስከ ታች መፈተሽ ግን ሃምሳ ሺህ ብር ያተርፋል። በዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃ የማር እርጥበት ከ20 በመቶ መብለጥ እንደሌለበትም ማወቅ ይገባል። እርጥበቱ የበዛ ማር ይፈላል፤ የፈላ ማር ከገበታ ማርነት ወደ ጠጅ ማርነት ይወርዳል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። በአንጻሩ የደጋው ነጭ ማር በብርድ ሲረጋ የተበላሸ የሚመስለው ገዢ ስላለ፣ መርጋት ጉድለት አለመሆኑን ለገዢ ማስረዳት ራሱ የንግዱ አንድ እርምጃ ነው።

አምስተኛ፦ ሦስት ዓይነት ዓመት

አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ንድፍ ለዋግ ኽምራ አይበቃም። አካባቢው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው፤ ከዚያም ወዲህ የዝናብ እጥረት ተደጋግሞበታል። ዝናብ ሲጠፋ አበባ የለም፣ አበባ ሲጠፋ ማር የለም። በሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ውጊያው ወደ ዞኑ ዘልቆ፣ ሰቆጣ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠውባት ከገበያ ተነጥላ ከርማለች። በኮረም በኩል ወደ አላማጣ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ በላሊበላ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው ብቻ ይቀራል፤ እሱም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቢፈረምም፣ የመንገድ ነገር ከንድፍ የሚወጣ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ዓመት ይጻፋል። ነጋዴው የተጣራ ማር በ400 ብር ገዛ እንበል፤ ግዢው 680,000፣ ወጪው 112,000፣ ወለዱ 18,000 ብር ነው። በደህና ዓመት ትርፉ 74,000 ብር ይሆናል። በመካከለኛ ዓመት መንገድ ለሦስት ወር ቢዘጋ ተጨማሪ ወለድ 27,000፣ መጋዘን 10,000 ብር ይወጣና ትርፉ ወደ 37,000 ይወርዳል። በክፉ ዓመት በዚያ ላይ ዋጋው በ10 በመቶ ቢወድቅ 51,400 ብር ይከስራል። አንድ ክፉ ዓመት የአንድ ደህና ዓመትን ትርፍ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይበላል ማለት ነው።

ይህን ያየ ነጋዴ ንግዱን የግድ አይተውም፤ አሠራሩን ይለውጣል። ጭነቱን በሁለት ጊዜ ያመጣል። የብድሩን መጠን ይቀንሳል። ከፊሉን ለጠጅ ቤት በቅድሚያ ውል ይሸጣል። ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሰው በተለይ ክፉውን ዓመት ሳይጽፍ መፈረም የለበትም።

ለፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ

ተንታኙ «ያዋጣል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጁ «ይደርሳል ወይ?» ይላል። የሥራዎችን ቅደም ተከተል በመረብ መልክ የሚሥለው ስልት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ኩባንያና ባሕር ኃይል ውስጥ የተወለደ ነው። ሰቆጣ ላይ የማር ማጣሪያ ጣቢያ ለሚያቋቁም ሰውም ያው ይሠራል።

ለምሳሌ ያህል ቤቱ በ10 ሳምንት ይሠራል፤ መብራት ቤቱ ካለቀ በኋላ በ6 ሳምንት ይገባል። ማሽኑ ከታዘዘ በ14 ሳምንት ይደርሳል። ተከላው መብራትንም ማሽንንም ይጠብቃል፤ 2 ሳምንት ይፈጃል። ሥልጠናው 2 ሳምንት ነው። ረጅሙ መስመር ቤት፣ መብራት፣ ተከላና ሥልጠና ሲሆን 20 ሳምንት ይሆናል። ማሽኑ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ምንም አይነካም፤ መብራቱ አንድ ቀን ቢዘገይ ግን ሁሉም አንድ ቀን ይዘገያል። ሥራ አስኪያጁ ስልክ መደወል ያለበት ለማሽን ሻጩ ሳይሆን ለመብራቱ ነው።

ጣቢያው ለጥቅምት 1 ቀን ይድረስ ከተባለ ወደ ኋላ ሲቆጠር ሥራው ግንቦት 16 መጀመር አለበት። የቀን መቁጠሪያውን ሲመለከቱ ግን ግንባታው ሐምሌን ይዞ እንደሚያልፍ ይታያል። ከክረምት በፊት ቤቱ እንዲከደን ከተፈለገ ሚያዝያ 20 መጀመር ይሻላል። ከዚህ ያለፈ ሰው ያንን ቆረጣ አይደርስበትም፤ አንድ ወር መዘግየት አንድ ዓመት ያስከፍለዋል።

ከግሉ ዘርፍ ውጪም ስሟን ከሰቆጣ የወሰደ ትልቅ ምሳሌ አለ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቆም ሲነሣ በአንድ ጊዜ በአገሪቱ በሙሉ አልተጀመረም። በመጀመሪያው ምዕራፍ በተከዜ ተፋሰስ በአማራና በትግራይ የሚገኙ 33 ወረዳዎች ተመርጠው አሠራሩ ተፈተነ፤ ከዚያ ማስፋፋት ቀጠለ። ጤና፣ ግብርና፣ ውኃና ትምህርት በየወረዳው በአንድ ወጪው የተሰላ ዕቅድ ውስጥ እንዲገቡም ተደረገ። ለባለሀብቱ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ያልተፈተነ ንድፍ በትንሽ ይሞከራል፣ ከሠራ ይሰፋል።

ንድፍ የማይሠራው

በወረቀት ላይ ያለ ማር አይቀመስም። ገበያውን በዓይኑ ያላየ፣ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና የሚነገረውን የሚያስተረጉምለት ሰው የሌለው ተንታኝ ያማረ ሠንጠረዥ ይሠራ ይሆናል፤ ቁጥሮቹ ግን የምኞት ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ባንክ እንዲያበድር ብቻ ተብሎ የሚጻፈው የአዋጭነት ጥናት ነው። እንዲህ ያለው ሰነድ መልሱ ከታወቀ በኋላ የሚሠራ ስለሆነ ባለቤቱን አያስተምረውም፤ ብድሩን ግን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

መማር ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያው ቀላል ነው። ያለፈውን ዓመት ንግዱን ይውሰድ፤ ጉዞውን ይሣል፣ እያንዳንዱን ወጪ በየእርምጃው ይጻፍ፣ ንድፉ የሰጠውን ትርፍ በእጁ ከገባው ጋር ያስተያይ። ሁለቱ ካልተገናኙ ያልጻፈው መስመር አለ ማለት ነው። ያንን መስመር ካገኘ በኋላ የተከዜን ዓሣ ይሞክር። «በረዶው ከየት ይመጣል?» በሚለው ጥያቄ ቢጀምር፣ ቆላው ሙቀት ውስጥ የጫነው ዓሣ አዲስ አበባ ሳይደርስ መልሱን ወረቀቱ ላይ ያገኘዋል።